ውሃ የሚፈራ ድንጋይ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ስለ አንድ ዓይነት አለት ናቸው፤ ሶዲየምና ፖታሲየም ስለበዛበት፣ ከምድር በታች ቀስ ብሎ ስለረጋ፣ በሙያው ቋንቋ አልካላይን ስለሚባለው አለት። ናሙናዎቹ ወደ እናንተ የሚደርሱት በአብዛኛው ከሩሲያ፣ ከግሪንላንድና ከካናዳ በመሆኑ መልሳችንም ያተኮረው በእነዚያ ቦታዎች ላይ ነው። የአገራችን ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሩሲያው ኮላ ባሕረ ገብ መሬት የመጣ ግራጫ ድንጋይ ገዛሁ። የሮማን ፍሬ የሚመስሉ ቀያይ ክሪስታሎች ነበሩበት። አቧራው ይልቀቅ ብዬ በሳህን ውሃ ነክሬ አሳደርኩት። ጠዋት ቀዩ ሁሉ የለም፤ በቦታው አራት ማዕዘን ጉድጓዶች ቀርተዋል። ቀለም ቀብተው ነው የሸጡልኝ?

መልስ፦ አልተታለሉም። የጠፋብዎት ቪሊያማይት የሚባል ማዕድን ነው፤ በኬሚስትሪ ስሙ ሶዲየም ፍሎራይድ። አቶሞቹ የሚደረደሩት እንደ ገበታ ጨው በኪዩብ ነው፤ ጉድጓዶቹ አራት ማዕዘን የሆኑትም ለዚህ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በክፍል ሙቀት 40 ግራም ያህል ቪሊያማይት ያሟሟል። በአንድ የእጅ ናሙና ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ግራም አይበልጥም። በውሃ ነክሮ ማሳደሩ አሞሌን ዝናብ ላይ ጥሎ ከማደር አይለይም።

ማዕድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው ፈረንሳዊው አልፍሬድ ላክሯ ነው፤ በ1908፣ ከጊኒ ዋና ከተማ ከኮናክሪ ፊት ለፊት ከሚገኙት የሎስ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከሩማ በመጣ ናሙና። በኮላም ላይኛው ገጽ ላይ ያለው አለት ብዙ ጊዜ እንደ እርስዎ ናሙና ባዶ ጉድጓድ ብቻ ይዞ ይገኛል፤ ዝናብና በረዶ አጥበውታል። ሙሉው ክሪስታል የሚወጣው ከማዕድን ማውጫ ዋሻ ውስጥ ወይም በጥልቅ ከተቆፈረ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ቀዩን ይዞ እርስዎ እጅ የገባ ናሙና ከተሰበረ ጀምሮ ከውሃ ተጠብቆ የቆየ ነበር ማለት ነው።

ከመጥፋቱ በላይ ያሳሰበን ሌላ ነገር ነው። ሶዲየም ፍሎራይድ መርዝ ነው። ውሃው ሁለት ሊትር፣ የሟሟው አንድ ግራም ነበር ብንል፣ በሳህኑ ውስጥ በሊትር 226 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም 150 እጥፍ ነው። ሳህኑን ደጋግመው ያለቅልቁት። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ይህን ስሌት ልብ ይበሉ፤ ጎኑ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ኪዩብ 0.18 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በውስጡ ወደ 80 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ አለ። ሐኪሞች አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል የሚሉት በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ሲዋጥ ነው፤ 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 75 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። አንዲት ከባቄላ የምታንስ ቀይ ቅንጣት ትበቃለች ማለት ነው፤ ያውም ከረሜላ ትመስላለች። ልጅ ከዋጠ እያስታወከ እንዲያወጣው አይሞክሩ፤ ወተት ይስጡትና ማሸጊያውን ወይም የድንጋዩን ስም ይዘው ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። በወተቱ ያለው ካልሲየም ፍሎራይዱን ይይዘዋል።

ሌላ ናሙና ቢያገኙ አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽና በጎማ መንፊያ ያራግፉት። ቅባት ከያዘው 99 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጠቀሙ፤ ቪሊያማይት በአልኮል አይሟሟም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው 30 በመቶ ውሃ ስለሆነ የክሪስታሉን ፊት ይበላዋል። ድንጋዩን ማስቆረጥ ካማርዎት መጋዙ የሚቀዘቅዘው በዘይት እንጂ በውሃ እንዳይሆን ለቆራጩ አስቀድመው ይንገሩት። ማስቀመጫው አየር የማያስገባ ክዳን ያለው ሣጥን ይሁን፤ አንድ ሁለት ከረጢት ሲሊካ ጄል ይጨምሩበት፤ ሲረጥብ ይቀይሩት።

የቀረውን ድንጋይ አይጣሉት። ኪዩብ ጉድጓድ በራሱ ማስረጃ ነው፤ ምን እንደነበረበት ለሚያውቅ ሰው ይናገራል። ሙሉ በሙሉ አድርቀው፣ በወረቀቱ ላይ ቪሊያማይት እንደነበረበትና በውሃ እንደጠፋ ይጻፉ። የደላንታን ኦፓል የሚያውቅ ሰው ድንጋይ ውሃ ጠጥቶ ሲደርቅ ወደነበረበት ይመለሳል ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ይህ ግን ከሄደ አይመለስም።

ጥያቄ፦ በአንድ ተራራ ላይ ከ400 በላይ የማዕድን ዓይነት ተገኘ ሲባል አነበብኩ። በዓለም የታወቁት ሁሉ 6,000 ያህል ናቸው ይባላል። ተራ ጥቁር ድንጋይ አራት ወይም አምስት ማዕድን ብቻ ሲኖረው እነዚህ ቦታዎች ምን አግኝተው ነው?

መልስ፦ ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የሂሳብ ጉድለት ነው። በአብዛኛው ቅልጥ አለት ውስጥ ሶዲየምና ፖታሲየም የሚገቡት ፌልድስፓር በሚባለው ማዕድን ውስጥ ነው። ፌልድስፓር ደግሞ አንድ የሶዲየም አቶም ሲቀበል አንድ የአሉሚኒየም አቶም ይጠይቃል። አንድ ለአንድ ነው፤ ድርድር የለውም። አሉሚኒየሙ ቀድሞ ካለቀ የተረፈው ሶዲየም ማደሪያ ያጣል። ሁሉም እንግዳ ማዕድን የሚወለደው ከዚህ ትርፍ ነው።

በእጅዎ የአለት ኬሚካዊ ምርመራ ውጤት ካለ ራስዎ ማስላት ይችላሉ። ሶዲየም ኦክሳይድ 10 በመቶ፣ ፖታሲየም ኦክሳይድ 5 በመቶ፣ አሉሚኒየም ኦክሳይድ 15 በመቶ ነው እንበል። 10ን ለ61.98 ያካፍሉ፣ 5ን ለ94.2 ያካፍሉ፤ ሁለቱን ይደምሩ፤ 0.214 ይመጣል። 15ን ለ101.96 ሲያካፍሉ 0.147 ነው። የፊተኛውን ለኋለኛው ሲያካፍሉ 1.46 ያገኛሉ። ከ1 በላይ ከሆነ ሶዲየሙና ፖታሲየሙ አሉሚኒየሙን በልጠዋል ማለት ነው። መቶኛዎቹን እንዳሉ ማካፈል ስህተት ነው፤ የሚቆጠረው አቶም እንጂ ክብደት አይደለም፤ ተማሪዎች ፈተና ላይ የሚወድቁትም በዚህ ነው። የዴንማርኩ ኡሲንግ በ1912 በደቡብ ግሪንላንድ ኢሊማውሳቅ ያለውን አለት ሲገልጽ አግፓይት የሚለውን ስም ያወጣው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ማደሪያ ያጣው ሶዲየም ዝም ብሎ አይቀመጥም። መጀመሪያ ቅልጡን ቀዝቃዛ እየሆነም ሳይረጋ ያቆየዋል። ተራ ባዛልት በ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ረግቶ ሲያበቃ፣ ይኸኛው እስከ 500 ዲግሪ አካባቢ ፈሳሽ ሆኖ ሊዘልቅ ይችላል። ክሎሪን፣ ፍሎሪንና ውሃም በእንፋሎት መልክ ቶሎ ከማምለጥ ይልቅ ውስጡ ይቆያሉ። ዚርኮኒየምን ያየን እንደሆነ፣ በግራናይት ውስጥ ገና ቀደም ብሎ ዚርኮን ሆኖ ረግቶ ይወጣል። ሶዲየም በበዛበት ቅልጥ ግን ዚርኮን አይረጋም፤ ዚርኮኒየሙ በፈሳሹ ውስጥ እየተከማቸ ይሄድና በመጨረሻ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ብረትና ክሎሪን ይዞ ኢውዲያላይት ይሆናል። ኒዮቢየም፣ ቲታኒየም፣ ቤሪሊየም፣ ሊቲየም፣ ሬር ኧርዝ (ብርቅዬ ብረቶች) የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ሁሉ እንዲሁ እስከ መጨረሻው ጠብታ ይጠብቃሉ። ሃያ ዓይነት ንጥረ ነገር በአንድ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ሲገናኝ፣ ሙቀቱ ጥቂት በቀነሰ ቁጥር ሌላ ማዕድን ይወጣል፤ ኋላ የመጣው ሙቅ ውሃ ደግሞ የፊተኛውን እየበላ ሌላ ያበጃል። 400 የሚባለው ቁጥር የሚሞላው በዚህ መንገድ ነው፤ አብዛኞቹም በዓይን የማይለዩ ቅንጣቶች ናቸው።

ኢሊማውሳቅ 17 በ8 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ዕድሜው ወደ 1,160 ሚሊዮን ዓመት ነው። ሶዳላይት፣ ኢውዲያላይትና አርፍቬድሶናይት ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቁት ከዚያ በወጣ ድንጋይ ነው። ቦታውን የሚያይ ሰው ቅልጡ እንዴት ይሠራ እንደነበር በዓይኑ ያነባል። ሶዳላይት ከቅልጡ ይልቅ ቀላል ስለሆነ እንደ ቅቤ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ከጣሪያው ሥር ተጠራቅሟል፤ ናውያይት የሚባለው አለት እሱ ነው። ከታች ደግሞ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ እየሆነ የተደረደረ አለት አለ፤ ይህ የሦስት ቀለም ድርድር 29 ጊዜ ይደጋገማል። ጥቁሩ አርፍቬድሶናይት፣ ቀዩ ኢውዲያላይት፣ ነጩ ፌልድስፓር የበዛበት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጥለት ይመስላል።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ ነው የምኖረው። በድንጋይ ገበያ ኢውዲያላይት ብለው ቀይ ፈርጥ ያለው ድንጋይ ሸጡልኝ፤ ጓደኛዬ ጋርኔት ነው አለኝ። ቤት ውስጥ ለመለየት ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ቀዩን ትተው አብሮት ያለውን ይመልከቱ። ኢውዲያላይት የሚቀመጠው ቅባት የነካው በሚመስል ግራጫ ወይም አረንጓዴማ ኔፌሊን፣ በነጭ ፌልድስፓርና በመርፌ ቅርጽ በረዘመ ጥቁር አረንጓዴ ኤጂሪን መካከል ነው። ብዙ አንጸባራቂ ሚካና እንደ መስታወት የጠራ ኳርትዝ ካዩ ወደ ጋርኔት ያጋድሉ። ኔፌሊንና ኳርትዝ አንድ አለት ውስጥ ተስማምተው አይረጉም፤ ትርፍ ሲሊካ (ኳርትዝ የሚሠራበት ነገር) ካለ ኔፌሊኑ ፌልድስፓር ይሆናል። ኳርትዝ ያለበት ኢውዲያላይት ጨርሶ የለም አንልም፤ እጅግ ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ክብደቱን ከመጠኑ ጋር ያነጻጽሩ። 0.1 ግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል። ድንጋዩን ደረቁን ይመዝኑ፤ 31.2 ግራም ሆነ እንበል። ከዚያ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት። ድንጋዩን በቀጭን ክር አንጠልጥለው ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያስገቡት፤ የብርጭቆውን ታችም ሆነ ጎን አይንካ። ሚዛኑ አሁን 10.8 ካለ፣ 31.2ን ለ10.8 ያካፍሉ፤ 2.89 ይመጣል። ኢውዲያላይት ከ2.74 እስከ 3.1 ባለው ውስጥ ነው። ቀዩ ጋርኔት አልማንዲን ግን ከ4 በላይ ነው፤ ግማሹ ተራ ድንጋይ ቢሆን እንኳ አማካዩ ከ3.3 ብዙም አይወርድም። ስሌቱን የሚያበላሸው በድንጋዩ ላይ የሚጣበቅ የአየር አረፋ ነው፤ ውሃው ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቢጨምሩ ይለቃል። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን የፊተኛውን መልስ ያስታውሱ፤ ድንጋዩ ከኮላ ከሆነና ኪዩብ የሚሰባበር ቀይ ነገር ካለበት ውሃ አያስነኩት።

ሦስተኛው ጥንካሬ ነው። ኢውዲያላይት በሞስ መለኪያ ከ5 እስከ 6 ነው፤ የኳርትዝ ስለት በቀላሉ ይጭረዋል። ጋርኔት ከ6.5 እስከ 7.5 ስለሆነ ብዙ ጊዜ ኳርትዙን ይቋቋማል። የሚጭሩት ከጀርባው፣ በማይታይ ቦታ ይሁን።

ቁርጡን የሚነግርዎት አሲድ ነው፤ ግን ቁራሽ ያጠፋል። የስንዴ ፍሬ የምታህል ቀይ ቅንጣት ነቅለው ይፍጩ። ሙሪያቲክ በሚል ስም 31 በመቶ ሆኖ የሚሸጠውን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ እጅ በሁለት እጅ ውሃ ያቅጥኑት፤ የሚጨመረው አሲዱ ወደ ውሃው ነው፤ ውሃውን ወደ አሲዱ ካፈሰሱ ይፈላና ይረጫል። መነጽርና ጓንት አድርገው፣ ውጭ ወይም መስኮት ከፍተው ይሥሩ። ዱቄቱን በትንሽ ብርጭቆ ከአሲዱ ጋር ሸፍነው ያሳድሩት። ኢውዲያላይት ከሆነ ጠዋት እንደ ተልባ የተዝለገለገ ነገር ያገኛሉ፤ ጋርኔት ከሆነ ዱቄቱ እንዳለ ከታች ተቀምጧል። ኢውዲያላይት የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክ የመጣ ሲሆን በቀላሉ የሚፈታ ማለት ነው፤ ስሙ የወጣለት በ1819 ሲሆን ምክንያቱም ይኸው በአሲድ መፍረሱ ነው።

ጥያቄ፦ የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ። ኢውዲያላይት ሬር ኧርዝ አለው፣ በአሲድ በቀላሉ ይሟሟል፣ ዩራኒየምና ቶሪየሙም ዝቅተኛ ነው። ታዲያ ለምን በብዛት አይመረትም?

መልስ፦ ቀደም ሲል የጠቀስነው ተልባ ነው መልሱ። አሲዱ ማዕድኑን ሲያፈርሰው ሲሊካው ወደ ፈሳሹ ይገባል፤ እርስ በርሱ ተያይዞም ዝልግልግ ይሆናል። በብርጭቆ ውስጥ የሚያስደስተው ነገር በፋብሪካ ታንክ ውስጥ መከራ ነው። ማጣሪያው ይደፈናል፤ የተፈለገው ሬር ኧርዝም በዝልግልጉ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። መፍትሔ ተብሎ የተሞከረው አካሄድ ማዕድኑን በጣም ጥቂት ውሃ ባለው ጠንካራ አሲድ ለውሶ ማድረቅና በኋላ በውሃ ማጠብ ነው፤ ሲሊካው በአሸዋ መልክ ስለሚቀመጥ ያጣራል። ግን አሲድ ይበላል። ዋናው ችግር ይህ ብቻ አይደለም፤ በማዕድኑ ውስጥ ያለው ሬር ኧርዝ ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ለዚያች ብሎ ሙሉውን ማዕድን ማፍረስ ያስፈልጋል። በጎ ጎኑ የከባድ ሬር ኧርዞች ድርሻ ከፍ ማለቱ ነው፤ በስዊድን ኖራ ሻርና በግሪንላንድ ክሪንግሌርኔ ላይ ሰዎች ተስፋ ያልቆረጡት ለዚህ ይመስለናል።

ከእንዲህ ዓይነት አለት ለረጅም ጊዜ በእርግጥ ሲመረት የኖረው ሎፓራይት ነው፤ በኮላ ሎቮዜሮ፣ በካርናሱርት ማዕድን ማውጫ። ክብደቱ ሲሶ ያህል ሬር ኧርዝ ነው፤ ቲታኒየም፣ ኒዮቢየምና ታንታለምም አለው። ሲሊካ በመዋቅሩ ውስጥ ስለሌለ ዝልግልግ የለም። እፍግታው 4.7 አካባቢ በመሆኑ ከቀላሎቹ ማዕድናት በስበት ብቻ ይለያል፤ ወርቅ አጣቢ የሚጠቀምበት መርህ ነው። ከዚያ ወደ ሩሲያዋ ሶሊካምስክ ከተማ ተልኮ በክሎሪን ጋዝ ይፈታል። ቶሪየም ስላለው ትራፊው እንደ ተራ ቆሻሻ አይጣልም።

በኢሊማውሳቅ ሰሜናዊ ጫፍ ያለው የኩዋነርሱይት ክምችት ደግሞ በኬሚስትሪ ሳይሆን በሕግ ቆሟል። ዋናው ማዕድን ስቲንስትሩፒን ዩራኒየምና ቶሪየም ይዟል፤ የግሪንላንድ ፓርላማ በ2021 በቶን ከ100 ግራም በላይ ዩራኒየም ያለበትን ክምችት መፈለግና ማውጣት ከልክሏል። ፈተና ላይ ክምችት የሚለውን ቃል ስትጽፍ ይህን አስብ፤ በመሬት ውስጥ መኖሩና መውጣት መቻሉ ሁለት ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ሐምራዊ ሃክማናይት ገዝቼ መስኮት አጠገብ ባለው የመስታወት ሣጥን አኖርኩት። በሳምንት ውስጥ ግራጫ ሆነ። የአልትራቫዮሌት ባትሪ ባበራበትም አልተመለሰም። ሞተ?

መልስ፦ አልሞተም፤ ባትሪውና መስታወቱ ናቸው የከለከሉት። ሃክማናይት ድኝ ያለበት ሶዳላይት ነው። በክሪስታሉ ውስጥ ክሎሪን የጎደለባቸው ባዶ ቦታዎች አሉ፤ ከድኙ የተነሳ ኤሌክትሮን እዚያ ሲያዝ ድንጋዩ አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል፤ ለዓይን ሐምራዊ ይሆናል። የሚታይ ብርሃን ኤሌክትሮኑን ይለቀዋል፤ ቀለሙ ይጠፋል። ከግሪንላንድና ከካናዳ የሚመጣው በተሰበረ ቅጽበት ሐምራዊ ሆኖ ፀሐይ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገረጣ ይችላል። መልሶ ለማስያዝ 254 ናኖሜትር የሚያወጣ አጭር ሞገድ መብራት ያስፈልጋል። በኪስ የሚያዙት ባትሪዎች ብዙዎቹ 365 ናኖሜትር ናቸው፤ ድንጋዩን ብርቱካናማ አድርገው ያበሩታል እንጂ ቀለሙን እምብዛም አይመልሱም። ትክክለኛው መብራት ቢኖርዎትም በመስታወት ውስጥ አያልፍም፤ ተራ መስታወት 254ን ይገታል። ድንጋዩን ከሣጥኑ አውጥተው፣ ክፍሉን አጨልመው፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ያብሩበት። ይህ ብርሃን ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ የፖሊካርቦኔት መነጽርና ጓንት ሳያደርጉ አይጀምሩ። እሳት ላይ ካልጣሉት ይህን መቶ ጊዜ ቢደጋግሙት ይሠራል። ማስቀመጫው ጨለማ መሳቢያ ይሁን።

ጽጌረዳማ ቀለም ያለው ቱግቱፓይት ካለዎት ግን ከሃክማናይቱ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጡት። እሱ በጨለማ ይገረጣል፤ ውጭ ፀሐይ ሲያገኘው ይደምቃል።

ጥያቄ፦ ሞንትሪያል ነኝ። ሞን ሳን ቲሌር ሄጄ ልጆቼን ማዕድን ላስለቅም እችላለሁ?

መልስ፦ በተራራው ላይ አይችሉም። ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ምሥራቅ የሚገኘው ተራራ አብዛኛው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የጎልት ጥብቅ ቦታ ነው፤ ዩኔስኮ በ1978 በካናዳ የመጀመሪያው የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ አድርጎ መዝግቦታል። የእግር መንገዱ ክፍት ነው፣ ድንጋይ ማንሳት ግን ክልክል ነው። ማዕድናቱን የሰጠው የድንጋይ ካባ ደግሞ የግል ንብረት ነው፤ ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ፈቃድ ሲገኝም በማዕድን ሰብሳቢ ማኅበራት በኩል ነው። ከልጆች ጋር ከሆነ በመጀመሪያ የማክጊልን ሬድፓዝ ሙዚየም ይጎብኙ። የሳልሞን ሥጋ ቀለም ያለውን ሴራንዳይት ካገኙ ያሳዩአቸው፤ ይህም ማዕድን መጀመሪያ የተገለጸው ከጊኒዋ ሩማ ደሴት ነው። የካናዳው ክሪስታል ግን በመጠንና በውበት ይበልጠዋል።

ጥያቄ፦ ከነዚህ ድንጋዮች አንዳንዶቹ ጨረር አላቸው ይባላል። መኝታ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ነው ያሉት።

መልስ፦ ከመኝታ ቤት ያውጧቸው። ስማቸው ስቲንስትሩፒን፣ ቶራይት ወይም ሎፓራይት ከሆነ ያለ ጥርጥር ጨረር አላቸው። ቶሪየም የተባለው ንጥረ ነገር ራሱ የተገኘው በኖርዌይ ላንገሱንድ ፊዮርድ፣ በሎቮያ ደሴት ከተነሳ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ስዊድናዊው ቤርሴሊዩስ በ1829 ይፋ አድርጎታል። ከአንድ ትንሽ ናሙና የሚመጣው ጨረር ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ ሁለት ሜትር መራቅ ብዙ ይሠራል። የበለጠ የሚያሳስበው ወደ ሳንባ የሚገባው ነው። ቶሪየም የሚያወጣው ጋዝ በ55 ሰከንድ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ በጥብቅ ሣጥን ውስጥ ሳይወጣ ያልቃል። ከዩራኒየም የሚመጣው ራዶን ግን 3.8 ቀን ይወስድበታል፤ ሣጥኑ ውስጥ ተጠራቅሞ ሲከፍቱት ይወጣል። ስለዚህ ዩራኒየም ያለበትን ሣጥን የሚከፍቱት ንፋስ ባለበት ነው። ጥቂትና ትንንሽ ናሙና ይያዙ፣ ከነኩ በኋላ እጅ ይታጠቡ፣ ፈጽሞ በደረቁ አይፍጩ፣ አይሞርዱ።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያስ እንዲህ ያለ አለት የለም? ስምጥ ሸለቆው ሁሉ እሳተ ገሞራ አይደለም?

መልስ፦ የኬሚስትሪው ዝምድና አለ። በፈንታሌና በገደምሳ የወጣው ፓንተለራይት የሚባል አለት ከላይ ባሳየነው ስሌት ከ1 በላይ ይመጣል። በውስጡም ኢኒግማታይት የሚባል ጥቁር ማዕድን ይገኛል፤ ስሙ በግሪክ እንቆቅልሽ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የታወቀውም ከዚያው ከኢሊማውሳቅ ነው። ልዩነቱ ሁለት ነው። የእኛው ሲሊካ ስለተረፈው ከኔፌሊን ይልቅ ኳርትዝ ያወጣል። ደግሞም ወደ ላይ ፈንድቶ ጋዙ አምልጦበታል፣ ቅልጡ በፍጥነት ቀዝቅዞ መስታወት ሆኗል፤ ለትልልቅ ክሪስታሎች ጊዜ አልነበረም። በመተሐራ መንገድ ዳር የሚያብለጨልጨው ጥቁር ኦብሲዲያን፣ ሊሆኑ ይችሉ የነበሩ ማዕድናትን ሳይለያይ የያዘ መስታወት ነው።

የቀንጢቻ ታንታለም ግን ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ እሱ ሊቲየም ካለው የግራናይት ፔግማታይት፣ ማለትም ክሪስታሉ ትልልቅ ከሆነ ግራናይት መሰል አለት የወጣ ነው። ዘመዱን ወደ ደቡብ፣ ታንዛኒያ ውስጥ ይፈልጉ። ማሳዮች የእግዚአብሔር ተራራ ብለው የሚጠሩት ኦልዶይንዮ ሌንጋይ ዛሬ በዓለም ላይ ሶዲየም ካርቦኔት የበዛበት ቅልጥ የሚያፈስ ብቸኛ እሳተ ገሞራ ነው። ቅልጡ ወደ 500 ዲግሪ ብቻ ይሞቃል፤ ሲወጣ ጥቁር ነው፤ የአየሩን እርጥበት እየጠጣ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይነጣል። ከዋና ማዕድናቱ አንዱ ናየሬራይት ይባላል፤ በጁሊየስ ኔሬሬ ስም የወጣ ነው። ከዚያ የመጣ ጥቁር ቁራጭ ነው ብሎ የሚሸጥልዎ ካለ፣ በዘይት ውስጥ ወይም በጥብቅ የታሸገ ካልሆነ አይግዙ፤ ማዕድኑ ከተለወጠ ቆይቷል።

በስምጥ ሸለቆአችን ያለው ፍሎራይድም የዚያው ኬሚስትሪ ልጅ ነው። ውሃው በመስታወታማው አለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል፤ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ከ1.5 ሚሊ ግራም ያልፋል፤ የልጆችን ጥርስ ቡናማ የሚያደርገውም ይህ ነው። ውሃውን ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይድን ግን አያስወጣም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን የቀረው ይበልጥ ይበዛበታል። የሚቀንሱት የአጥንት ከሰል ማጣሪያና በአሉምና በኖራ የሚደረገው ማጥለል ናቸው፤ የአጥንት ከሰሉ ሲሞላ መያዙን ስለሚያቆም ውሃው በየጊዜው ሊለካ ይገባል።